ሸጊቱ የጨረሰችው መጽሐፍ

ሰባታሚት፣ ባሕር ዳር
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ምናሴ፣

ይህ ወረቀት በጤናህ ይድረስህ፤ ሐዋሳም ደግ ደጉን ታሰማህ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ደረጃ ስወጣ ከሚያጉረመርመው ጉልበቴ በቀር። ወሬዬን በስልክ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር። አንዴ ኔትወርኩ ተቆረጠብን፣ አንዴ ደግሞ «ሥራ ላይ ነኝ፣ እደውላለሁ» አልኸኝ። ጎረቤታችን ቢያዝን ለዓይኑ ሕክምና ወደዚያ ስለሚመጣ በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ። ቁጭ ብለህ አንብበው፤ ወሬዬ እንደሚረዝም ታውቀዋለህ።

ልብ ወለድ ጽፌ ጨረስሁ። አዎ፣ እኔ እሌኒ። አትሳቅ። ሦስት ዓመት ፈጀብኝ፣ ሰባት ደብተር ሞላ። በተጋባን ሰሞን አንዲት ታሪክ ሳነብልህ «እሌኒ፣ ሰው እንዲህ አይናገርም» ብለኸኝ ሳምንት ሙሉ አኩርፌህ ነበር። አሁን ልመስክርልህ፤ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የሚጠቅም አስተያየት የሰጠኝ ሰው የለም። ታክሲ ውስጥ፣ ዓሣ ተራ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ሰው እንዴት እንደሚናገር ጆሮዬን ጥዬ ስሰማ ኖርሁ። ሌላው ሰው ሁሉ ደብተሬን አንብቦ የሚጠይቀኝ «እኔ አለሁበት ወይ?» ብቻ ነው። የለህበትም ስለው ይከፋዋል፤ አለህበት ስለው ይቆጣል።

አንተ ግን አለህበት። ታሪኩ የአንድ የጀልባ መካኒክ ነው። «ለሁለት ወር» ብሎ ከሐይቁ ማዶ ወደ ጎርጎራ ለሥራ ይሻገርና በዚያው ይቀራል። ሚስቱ በዚህ ዳር ዓሣ እየሸጠች ትጠብቀዋለች። አንተም ለስድስት ወር ብለህ ከሄድህ ስድስተኛ ዓመትህ ስለሆነ፣ ከማን እንደ ቀዳሁት ማስረዳት አያሻኝም። መጨረሻው ላይ የጀልባው ጡሩምባ ይሰማል። ሴትዮዋ ዓሣ እየበለተች ነው፤ ቢላዋዋን አታስቀምጥም፤ ሄዳም አታይም። መጥቶ እንደሆነ አንባቢው አያውቅም፤ እሷም ለማወቅ መሻቷን ትታለች። ይህቺ አንዲት ገጽ ከቀሩት ስድስት ደብተሮች ሁሉ ይልቅ አደከመችኝ።

ደብተሮቹን ያስተየብሁት ሸጊቱ ዘንድ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የሥራ አስኪያጅ ጸሐፊ የነበረችው፤ ጡረታ ወጥታ አሁን ከፖስታ ቤቱ ጀርባ በአንድ ኮምፒዩተር የምትሠራው። ምዕራፍ በምዕራፍ አትማ ትሰጠኛለች፣ እኔ በቀይ እስክሪብቶ አርሜ እመልስላታለሁ። የመጨረሻውን ስትሰጠኝ «ተይው፣ እሱን በቃሌ አውቀዋለሁ» አልኋት። እውነቱን ልንገርህ፤ ደግሜ ላነበው ፈርቼ ነው። እሷም በኢሜይል አዲስ አበባ ወዳለው አሳታሚ ላከችልኝ።

በሁለተኛው ወር ስልኬ ጮኸ። ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ ነበርሁ፤ ጫጫታው አላሰማ ቢለኝ ጤፌን ጥዬ ወጣሁ። ሣህሉ የሚባል ሰው፣ የአሳታሚው አርታኢ። ልናትመው እንፈልጋለን ሲለኝ እዚያው መንገዱ ላይ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ስለ አጻጻፌ፣ ስለ ሐይቁ፣ ስለ ዓሣ ሻጮቹ ጭቅጭቅ እያነሣ አመሰገነኝ። ከዚያ «በተለይ መጨረሻው፣ ወይዘሮ እሌኒ። ሰውየው ከጀልባው ወርዶ ሻንጣውን ስትቀበለው፣ ቢሮዬ ውስጥ አለቀስሁ» አለኝ።

የቱ ሰውዬ ልለው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ባጃጅ ይዤ ሸጊቱ ዘንድ ከነፍሁ። ጤፉ ትዝ ያለኝ ማታ ነው።

ሸጊቱ ምንም አላፈረችም። ሠላሳ ዓመት የአለቆቿን ደብዳቤ እሷ ስታቃና፣ እነሱም ሳያነቡ ሲፈርሙ ኖረዋል። የኔንም እንደዚያው አቀናችው።

«ያነበብሽው መስሎኝ ነበር» አለችኝ። «ዝም ስትዪ፣ ወደደችው አልሁ።»

«ሸጊቱ፣ ሰውየው እኮ አልመጣም።»

«ወረቀት ላይ እንኳ ቢመጣ ምን አለበት፣ እቴ?»

የተየበችውን ገጽ ይዤ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ለሣህሉ ሳልነግረው ቆየሁ፤ ይህን ስጽፍልህ አፍራለሁ። ለሰፈሩ ሁሉ አስቀድሜ አውርቼ ነበራ። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ስሜ መጽሐፍ ላይ ሊወጣ። ዝም ብል ማን ያውቃል? ሸጊቱ እንደሆነች ስሜ ይጠራ የምትል ሴት አይደለችም። የሚያሳዝነው ደግሞ ገጿ ታምራለች። መጀመሪያ ሳነባት ተናደድሁ። ሁለተኛ ሳነባት፣ እኔ እንዲህ መጻፍ አቅቶኝ ነው ወይስ አልፈልግ ብዬ እያልሁ ራሴን ጠየቅሁ። በሦስተኛው አንብቤ ሳልጨርስ ብድግ ብዬ ደጁን መጥረግ ጀመርሁ። ለማን ነው የምጠርገው? መጥረጊያውን እንደያዝሁ ቆሜ ቀረሁ። ያኔ ፈራሁ። የጻፍሁት ከመጠበቅ ልወጣ ነበር፤ ይህቺ ገጽ ግን መልሳ ደጅ ላይ አቆመችኝ። በዚህ ከተማ ስንት ሴት ናት እንደኔ የቆመች? መጽሐፉን ገዝታ በመጠበቋ ላይ አንድ ዓመት ልትጨምርበት?

ለሣህሉ ደውዬ ሁሉንም ነገርሁት፤ የራሴንም ገጽ አስልኬ አነበበው። ክፉ ሰው አይደለም። አንባቢው በዚህ ዘመን ሐዘን በዝቶበታል፣ ወረቀትም እንዲህ ተወዷል፣ በዚህኛው መጨረሻ አለቆቼን ላሳምን አልችልም አለኝ። በሸጊቱ መጨረሻ ከሆነ ለፋሲካ ይወጣል።

«ያስቡበት፣ ወይዘሮ እሌኒ» አለኝ።

«ስድስት ዓመት አስቤበታለሁ፤ በቃ» አልሁት።

«እንግዲያው እኛ ዘንድ አይሆንም።»

ይኸው፣ ይህ የሆነው የዛሬ ስምንት ቀን ነው። ሰዎች «መቼ ነው የሚወጣው?» ሲሉኝ ወረቀት ተወደደ እላለሁ። የጨርቃ ጨርቅ ጡረተኞች ሳይቀሩ ይጠይቁኛል፤ ሸጊቱ ናት ያወራችላቸው። እኔና እሷ አልተጣላንም፤ ግን ሱቋ ስገባ ሁለታችንም ስለ ሌላ ነገር እናወራለን። ሌላ አሳታሚ እንዲፈልግልኝ የጠየቅሁት ሰው የለም፤ የማውቀውም የለም። አንዳንዴ ውሃ ስቀዳ፣ ምነው ዝም ባልሁ እላለሁ። ቀላል ነበር። ስሜን በደማቅ ቀለም አየው ነበር። ልክ ሠርቼ እንደሆነ አላውቅም፣ ምናሴ፤ ልክ ነኝ ብዬ ልዋሽህ አልፈልግም።

የኔዋን ገጽ ከደብዳቤው ጋር አያይዣለሁ። መልስ ጻፍልኝ አልልህም። አንተን ክፉ አድርጌ እንዳልጻፍሁህ ግን እንድታይ ነው። መካኒኩ እጀ ወርቅ ነው፤ ያላስነሣው ሞተር የለም። ሰው ሁሉ ይወደዋል።

ሥራህን ይባርክልህ፤ ከሞተርም ከሰውም ክፉ ይጠብቅህ። ለቢያዝን ራት አብላልኝ፤ መንገዱ ያደክመዋል። የቤትህን እመቤትም አክብሬ ሰላም ብያታለሁ። ስትደውልልኝ ከኋላህ የምታለቅሰውን ሕፃን በሁለቱም ጉንጯ ሳምልኝ። እግዚአብሔር ያሳድጋት።

እሌኒ