ለአስተማሪዋ ያልደረሰው ቅሬታ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬ ከሥራ አስፈቅጄ የልጄን የሳራን አስተማሪ ላናግር ሄድኩ። ክፍል ውስጥ የሚያስነብቧቸውን መጽሐፍ ሥዕል አይቼ ደሜ ፈልቷል፤ ሹሩባ የተሠራች ሐበሻ የቤት ሠራተኛ የእመቤቷን አምባር ደረቷ ውስጥ ትሸጉጣለች።

እዚህ ዐረብ አገር በቤት ሠራተኛነት የምሠራው ፈረንጅ ቤት ስለሆነ ዐረብኛዬ ከሱቅ አያልፍም። ሳራ አስተረጎመችልኝ። እኔ የሆዴን ሁሉ ዘረገፍኩት፤ እሷ በሁለት ቃል ጨረሰችው። የገባኝ «ማሌሽ»፣ ይቅርታ፣ የሚለው ብቻ ነው። አስተማሪዋ ፈገግ ብላ ሸኘችን።

«ለምንድን ነው እኔ ይቅርታ የምጠይቀው?» አልኳት መንገድ ላይ።

«ማሌሽ፣ ስለ ውጤቴ ልትጠይቅ ነው የመጣችው አልኳት» አለችኝ። «እናቴ ነርስ ናት ብያት ነበር።»

ቤት ገባን። አሁን አጠገቤ ቁጭ ብላ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፤ የታዘዙት ስለዚያችው ሠራተኛ እንዲጽፉ ነው። ገጹን ሞልታዋለች። አያለሁ፤ ዐረብኛ ማንበብ ግን አልችልም።