ያለ ዋስ የበቀለ ገብስ

ይድረስ ለዋሴ፣ ለእናኑ አባት፤

አፈር ከለበስህ ሁለተኛው ክረምት ሊወጣ ነው። ሙት ዓመትህን አውጥተናል። ድንኳኑ ፈርሷል፣ እንግዳውም ወደየቤቱ ገብቷል፣ ጥቁር ልብሴንም እናኑ ተቆጥታ አስወልቃኛለች። ሰው ፊት አንቱ፣ ጓዳ ስንገባ አንተ እያልኩህ እንደኖርኩ ታውቃለህ፤ ዛሬ የሚሰማን የለምና አንተ ብዬ ልጻፍልህ። የምጽፈው በልጅነቴ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በቆጠርኳት ፊደል ነው። ጽሕፈቴን ባየህ ቁጥር ዶሮ የጫረችው መሬት ይመስላል እያልክ ትስቅብኝ ነበር። አሁንም ሳቅ። አንተ ቆሎ ትምህርት ቤት የኖርክ ሰው ነህ። እኔ ግን ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለኝና እየጫርኩም ቢሆን እነግርሃለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ስማ። ጣሪያችን ቆርቆሮ ሆኗል። የሣሩ ክዳን ማፍሰስ ሲጀምር እናኑ ናት ከደብረ ታቦር ያስጫነችው። ዝናብ ሲመጣ ጆሮ ያደነቁራል፤ አንተ ብትኖር በመጀመሪያው ዝናብ ጋቢህን ይዘህ ከበጎቹ ጋር ለማደር ትሄድ ነበር። ቀይዋ ላም ወልዳለች፣ ጥጃዋም እንደ እናቷ ተዋጊ ናት። ማሳችንን ሞላ ነው የሚያርሰው። በሬ አቀናጅታችሁ ስታርሱ የኖራችሁት ያው ሞላ። እኔ ሞፈር መጨበጥ አልችልምና እሱ ያርሳል፣ ይዘራል፣ ምርቱን እኩል እንካፈላለን። እናኑ ነይና ከተማ ከእኔ ጋር ኑሪ እያለች በስልክ ትጨቀጭቀኛለች። ጉናን ሳላይ መዋል አልችልም እላታለሁ። እማዬ ተራራ አይጦርሽም ትለኛለች። ምላሷ የማን እንደሆነ እኔና አንተ እናውቃለን።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ፈንቴን መቼም አትረሳውም፤ በረዶ መላሹን ፈንቴን። ገብሱ ተዘርቶ ሲያበቃ በየደጁ እየዞረ፣ በአዝመራ ጊዜ አንድ ቁና ገብስ እንዲሰጡት ቃል ያስገባል። ከዚያ ክረምቱን ሙሉ ደመና በከበደ ቁጥር ገደሉ አፋፍ ላይ ወጥቶ ቅጠል ያጨሳል፣ ቀንድ ይነፋል፣ ማንም የማይገባውን ነገር ያነበንባል። በረዶው ወደ ሌላ አገር እንዲሄድ ነው። በአካባቢያችን ለእሱ ቃል የማይገባ ቤት አልነበረም፣ ከእኛ በቀር። በየዓመቱ ደጃችን ይቆማል። በየዓመቱ ግባና ጠላ ቅመስ ትለዋለህ፣ ቃሉን ግን አትሰጠውም። በረዶው የሚሄድበት የዚያ የሌላው አገር ሰውስ ምን በደለህ እያልክ ስታሾፍበት እሱም አብሮህ ይስቅ ነበር።

እናኑ ጡት ሳትጥል የወረደው በረዶ ትዝ ይልሃል? መንግሥት ከተለወጠ ብዙም ሳይቆይ ነበር። ገብሱ ሊያሸት ሲል መጣና ጠራርጎ ወሰደው። እኔ ልጄን አቅፌ ምሰሶው ሥር እጮሃለሁ። አንተ ሲያባራ ወጣህ፤ እኔም ተከተልኩህ። አገሩ ሁሉ ነጭ ሆኖ ነበር። እፍኝ በረዶ ዘግነህ ትክ ብለህ አየኸው፣ አንዷን ጠጠር አፍህ ውስጥ ጣልካት፣ ከዚያ ወደ ሰማይ ቀና ብለህ «አቤት ኃይልህ! አቤት ኃይልህ!» አልክ። እንዴት እንደተናደድኩ! የልጄ እህል መሬት ላይ ተደፍቶ ይሄ ሰውዬ ይደነቃል አልኩ። ማታ እንዲህ ሆነን የት ልንገባ ነው ብልህ፣ በረዶውም የእርሱ ነው፣ ገብሱም የእርሱ ነው፣ እኛም የእርሱ ነን አልከኝና ድንችህን መላጥ ጀመርክ። ያን ዓመት ድንች በላን። እህቴ ከይፋግ ጤፍ ላከችልን። ሞላም ዘር ሰጠን። ወጣነው።

ከዚያ ወዲህ ደመና ሲጠቁር አልፈራም ነበር። ጎረቤቶቻችን ሲንቀጠቀጡ እኔ ልብስ አሰጣለሁ። ባሏን መስላለች፣ እምነት አላት ይሉኝ ነበር። እኔም ያለኝ መስሎኝ ነበር፣ ዋሴ።

ዘንድሮ ሞላ ቀድሞ መጣ። ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ ዘንድሮስ ለፈንቴ ቃል ግቢ እንጂ አለኝ። እሱ ለራሱ ማሳ ቃል ገብቷል፤ ግን የእኛም ገብስ ግማሹ የሱ ነው። ደግሞም በረዶ የሚገባው እንቢ ባለ ሰው ማሳ በኩል ነው ብሎ አገሩ ያምናል። «ለአንተ እኩሌታ ቃል ግባለት፣ የኔን ተወው» አልኩት። «ኧረ እት ጥሩወርቅ፣ በረዶ እኩሌታ ለይቶ ይመታል እንዴ?» አለኝ። ሳቅን። እሱ ከሄደ በኋላ ግን ሳቄ ጠፋ። ሞላ ቢከፋውና ማሳውን ቢተወው የሚያርስልኝ ሌላ ሰው የለኝም። ገብሱ ቢጠፋ ደግሞ ዓመቱን የምወጣበት ሌላ እህል የለኝም። እናኑ ቤት ሄጄ የልጅ ጥገኛ ልሆን ነው ማለት ነው። እሷም ብትሆን ስደውልላት አንድ ቁና ምን አላት፣ ስጪውና ተገላገይ እንጂ ነው ያለችኝ።

በማግስቱ ፈንቴ መጣ። ክፉ ሰው ነው አልልህም። አስከሬንህን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነው። ጠላ ሰጠሁት። ጨርሶ አፉን ጠረገና እህሳ አለኝ። እኔም እንደ ልማዴ «ዋሴ አይወድም» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዋሴማ የለም እኮ። አንቺስ?» አለኝ።

አንቺስ! ይህን ቃል ማንም ብሎኝ አያውቅም ነበር። ነገ ተመለስ ብዬ ሸኘሁትና ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ። አባትህ ይህን ስም ሲያወጡልህ ምን ታይቷቸው ነበር? ዋሴ፣ ዋሴ እያልኩ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት። ሰው ዋሱ አጠገቡ ከተቀመጠ ምን ያስፈራዋል? ሞላ በፈንቴ ቅጠል ሲታመን እኔ ደግሞ በአንተ ታምኜ ኖሬአለሁ። አንተ ቀና ብለህ ሰማዩን ታይ ነበር፤ እኔ የማየው አንተን ነው። ፊትህ ካልተለወጠ ደህና ነን ብዬ ድስቴን አማስላለሁ። ይኸው አሁን ፊትህን የማይበት የለኝም።

ከሰዓት በኋላ ከማሳው በላይ ወዳለው ዳገት ወጣሁ። ጉና ራሱን በደመና ሸፍኖ ነበር። ልጸልይ ቆምኩና አፌን ስከፍት የወጣው ቃል «የዋሴ አምላክ ሆይ» የሚል ነው። ደነገጥኩ። ሌላ ቃል ብፈልግ አጣሁ። እንግዳ ቤት ገብቶ ማን ብሎ እንደሚጣራ እንደጠፋው ሰው ሆንኩ። በመጨረሻ አምላኬ አልኩ። ዋሴ፣ እንዴት ብዬ ልንገርህ? ከዚያ በፊት በአፌ ያላልኩት ቃል አይደለም፤ በየቅዳሴው እለዋለሁ። ያን ዕለት ግን ቃሉ ከሆዴ ሲወጣ ድንጋይ ይዤ ቆምኩ። አንድ የሚሰማኝ እንዳለ አወቅኩ። የሚሰማው አንተን ሳይሆን እኔን፣ ጥሩወርቅን ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ፍርሃት ፈርቼ አላውቅም፤ ደግሞ እንደዚያ ያለ ደስታ።

ፈንቴ ሲመለስ ቃል አልገባልህም አልኩት። ዋሴ ስለማይወድ ነው? አለኝ። አይደለም፣ እኔ ነኝ ያልኩት አልኩ። ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ሞላም ሰማ። እንደ ወትሮው ቡና ጠጣ ስለው ጊዜ የለኝም አለ።

በረዶው በሐምሌ መጨረሻ መጣ። ገብሱ ገና ከቁርጭምጭሚት ከፍ ማለቱ ነበር። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ቀጥ አለ። በጎቹ ሳይነዷቸው ግድግዳው ሥር ተጠጋግተው ቆሙ። ሰማዩ በጉና በኩል ጠቁሮ፣ ጥቁሩም ውስጥ አረንጓዴ ነገር ነበረበት። ከአፋፉ የፈንቴ ቀንድ ይሰማል። ከዚያ ቀንዱም አልተሰማም። በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ቤቱ ሊፈርስ ነው ብዬ የበሩ መቃን ሥር ገባሁ። የራሴን ጩኸት እንኳ ለራሴ አልሰማውም። ማሳው ሲተኛ፣ ሲቀበር፣ ነጭ ሲሆን ቆሜ አየሁ።

ሲያባራ ወጣሁ። ዝምታው ያስፈራል። ከእግሬ ሥር እስከ ገደሉ፣ ከገደሉ ወዲያ እስከ ጉና ወገብ ድረስ አንድ የሚታይ ቡቃያ የለም። ያን ጊዜ በምዕራብ በኩል ደመናው ተቀደደና ፀሐይ ገባች። ያ ሁሉ በረዶ በአንድ ጊዜ በራ! ዓይኔን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ምድሩ ሁሉ ይጨስ ጀመር። የዓመት እህሌ ከዚያ በታች ተቀብሯል፣ ይህን አልረሳሁም፤ ግን አልፈራሁም። ይህን የሚያደርግ ማን ነው አልኩ። ማንስ ሊመልሰው፣ በምን ቅጠል፣ በየትኛው ቀንድ? እህሌን ለወሰደብኝ ስሰግድ ራሴን አገኘሁት። በረዶው ላይ በግንባሬ ተደፋሁ። ያን ዓመት የተናደድኩብህን ነገር እኔው አደረግኩት። ይቅር በለኝ አልልህም፤ ብቻ አሁን ገባኝ።

ቀና ስል ሞላ ከማሳው ዳር ቆሟል። አሁን መሬትሽን ሌላ ይረስልሽ ሊለኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ባርኔጣውን አውልቆ እንደ ሞኝ ዙሪያውን ያያል። «ሁሉንም መታው እኮ፣ እት ጥሩወርቅ። ቃል የገባውንም፣ ያልገባውንም። የፈንቴንም ማሳ!» አለ። የፈንቴ ሲል አትሳቅ። እኔ ግን ስትስቅ ታየኸኝ። ሞላም የጀመረው ሳቅ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ተለወጠበት። ጎን ለጎን ቆመን ምድሩ ሲጨስ አየን። ሲመሽ ቤት ገብቶ ቡናውን ጠጣ።

ቀጥሎ የሆነውን ስማ። በረዶው ቀልጦ ፀሐይና ካፊያ ሲፈራረቅ፣ ከተቆረጠው ገብስ ሥር ሌላ አቆጠቆጠ። አንድ ቡቃያ በነበረበት ሁለትና ሦስት ሆኖ ወጣ። እናኑ ይህ ያለ ነገር ነው፣ ገብስ ገና አገዳ ሳያወጣ ከተመታ ከሥሩ ያንሰራራል ብላ በስልክ አስረዳችኝ። ይሁን፣ ያለ ነገር ነው። እኔ ግን በየጠዋቱ ከማሳው ዳር ቆሜ አየዋለሁ፤ አልጠገብኩትም። ሞተ ያልኩት ከጭቃ ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ ሲወጣ ያለ ነገር ነው ብዬ ለማለፍ አልቻልኩም። የእኛም፣ የሞላም፣ የፈንቴም ማሳ እኩል ለምልሟል። ለማንም አላዳላም።

ግን ዘግይቷል፣ ዋሴ። ሌላው ዓመት በዚህ ጊዜ ማሸት ይጀምር ነበር፤ ዘንድሮ ገና ቅጠል ነው። የጥቅምት ውርጭ ከቀደመው ፍሬ ሳይዝ ይነጣል። ይቀድመዋል አይቀድመውም አላውቅም። ሞላም አያውቅም። አንተም ብትኖር አታውቅም ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ፊትህን አይቼ አውቀዋለህ ብዬ አምን ነበር። አሁን ሳላውቅ እተኛለሁ፣ ደህናም አድራለሁ። ገብስ ብናገኝ ከአዲሱ እህል የመጀመሪያውን ለተዝካርህ አስጠምቃለሁ። ካላገኘንም ባዶ እጄን ደብራችን ሄጄ አስብሃለሁ፤ ባዶ እጁን የመጣንም እርሱ አይመልስም።

አንድ ነገር ብቻ ተለውጧል፣ እሱን ልንገርህና ልሰናበትህ። እስከ ዛሬ በየቅዳሴው ስለ ዋሴ ብለህ እኔን ማረኝ እል ነበር። ከእንግዲህ፣ በቁሜ እስካለሁ ድረስ፣ ስለ እኔ ብለህ ዋሴን ማርልኝ እላለሁ።

ባለቤትህ ጥሩወርቅ