ጠብታ ጾም ያፈርሳል ወይ?

መጋቢት 3፣ ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡10

አሁንም ታክሲ ውስጥ ነኝ። ከገርጂ ወደ ቦሌ፣ መንገዱ ተዘጋግቷል። ጽሑፌ ቢንቀጠቀጥ ሾፌሩን ተቆጪ፣ ደብተሬ።

አባዬ ዛሬም የበሩን መቃን በግራ ትከሻው ገጨ። በዚህ ሳምንት ሦስተኛው ነው። ማን እዚህ አመጣው ይላል። ኮንዶሚኒየሙ ከተሠራ ጀምሮ እዚያው ነው! ዓይንህ እንዴት ነው ስለው፣ ደህና ነው፣ አያመኝም። ጉዱ እሱ አይደል? ግላኮማ አያምም። የዓይን ዶ/ሯ አምና ለፍልፋ ለፍልፋ ነገረችው። የዓይን ውስጥ ግፊት ይጨምራል፣ ነርቩን ይጎዳል፣ ከዳር ከዳር እየበላ ወደ መሐል ይመጣል። የጠፋው አይመለስም። ያለውን ግን ጠብታው ያቆየዋል። ጠዋት 1፡00፣ ማታ 1፡00፣ ዕድሜ ልክ። ከዚህ በላይ በምን ቋንቋ ይነገረው?

መጋቢት 5፣ ዓርብ ማታ

ደረስኩበት። ያቺ ባለ ቢጫ ክዳን የጠብታ ብልቃጥ በወሯ ታልቅ ነበር። ዛሬ ብድግ ባደርጋት ከግማሽ በላይ አላት። ጾሙ ሲገባ፣ አንቺ ሥራ ይረፍድብሻል፣ ከእንግዲህ ራሴ እጨምራለሁ ብሎኝ ነበር። እኔ ሞኟ ደስ ብሎኝ እሺ አልኩ።

ጠየቅኩት። መጀመሪያ ተቆጣ፣ ከዚያ አመነ። ጠብታው ጉሮሮው ላይ ይመርረዋል። ጉሮሮ ከደረሰ ሆድ ገባ፣ ሆድ ከገባ ጾም የለም። እሱ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚጾመው። ስለዚህ የጠዋቱን ትቷል። የማታውንም ሲያስታውስ ነው። በዓይኑ የበላ ሰው አይቼ አላውቅም አልኩት። አልሳቀም። እኔም ኩሽና ገብቼ ከንዴት አለቀስኩ።

መጋቢት 8፣ ሰኞ

ከመ/ቤት አስፈቅጄ ክሊኒክ ወሰድኩት። ግፊቱ ተለካ፣ ከአምናው በብዙ ጨምሯል። ቀጥሎ የዕይታ ስፋት ምርመራ። አገጩን አስደግፎ መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ቁልፍ ይጫናል። ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ እሰማለሁ። ቀጭ። ቀጭ። ከዚያ ዝም። ዝምታው በዛብኝ። ወረቀቱ ሲወጣ አምና ነጭ የነበረው ቦታ በግራ በኩል ጠቁሯል።

ዶ/ሯ አልተቆጣችውም። ጠብታውን ካደረግክ በኋላ ዓይንህን ጨፍን፣ በአፍንጫህ በኩል ያለውን የዓይንህን ጥግ በጣት ሁለት ደቂቃ ተጫን፣ ወደ ጉሮሮ የሚወርደው ይቀንሳል አለችው። ጭራሽ አይወርድም? አላት። ጥቂት ሊወርድ ይችላል አለች። አንድ ቀን ብትዋሽ ምን ነበረበት? እሱም ሰበብ አገኘ፤ የንስሐ አባቴ ሳይፈቅዱ አልነካውም አለ። እኔንም አልማረችኝ፣ ያንኑ አምና ያለችኝን ደገመችው። ግላኮማ በዘር ስለሚሄድ ልጅየዋም መታየት አለባት። ሥራ ሲቀለኝ አልኳት።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

ጎሮ ድረስ ሄጄ የንስሐ አባታችንን ቤ/ክ ግቢ አገኘኋቸው። ሁሉን ዘረገፍኩት። ያልጠበቅኩትን ነገሩኝ። ለካ አባዬ ገና ጾሙ ሲገባ ጠይቋቸው ኖሯል፣ እሳቸውም እስከ ማታ ብታቆየው ምናለ ብለውታል። ለታመመ ሰው ጾም ይቀልለታል ብለው የሚያስተምሩን እኚሁ ሰው ናቸው።

ከዚያ እጃቸውን ኪሳቸው ሰደዱ። የአባዬን የምትመስል ብልቃጥ፣ ያው ቢጫ ክዳን። አልተከፈተችም። ለእሳቸውም ለግላኮማ ታዛላቸው ለፋሲካ አስቀምጠዋታል።

መጮህ አማረኝ። ካህን ላይ አይጮኽም። ጥርሴን ነክሼ፣ አባቴ፣ ዓይንዎ እስከ ፋሲካ የሚጠብቅዎት ይመስልዎታል? አልኳቸው። መስቀል አሳለሙኝና ቅዳሜ ቤት እመጣለሁ አሉ።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ ማታ

መጡ። ሳይቀመጡ፣ ያሳሳትኩህ እኔ ነኝ፣ የራሴንም ጠብታ ለፋሲካ ብዬ አስቀምጫለሁ፣ መድኃኒት ምግብ አይደለም፣ ጥፋቱ በእኔ ይሁን አሉት። አባዬም፣ እርስዎስ ያደርጋሉ ወይ? አላቸው። ብልቃጧን አውጥተው እዚያው ከፈቱ። ተቀብዬ ለሁለቱም እኔው ጨመርኩላቸው። ሁለት ሽማግሌ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የዓይናቸውን ጥግ በጣታቸው ተጭነው። ሁለት ደቂቃ በሰዓቴ ያዝኩ። ይመርራል? አለ አባዬ። ትንሽ፣ አሉ እሳቸው። የማታውስ ቀላል ነው አልኩ በልቤ። ፈተናው ጠዋት ነው።

መጋቢት 15፣ ሰኞ፣ ጠዋት 1፡20

አደረገ። ልክ 1፡00 ላይ ስልኩን አንስቶ ደወለላቸው። አድርገዋል ወይ? አድርገዋል። እሱም አድርጓል። ትናንት ማታም እንዲሁ ተደዋውለዋል። ተመስገን ልል ስል ስልኩን ዘግቶ ወደኔ ዞረ። ዶ/ሯ ያለችሽን መቼ ነው የምትታዪው?

ሥራ አልኩ። ወረፋ አልኩ። የመንገዱ መዘጋጋት አልኩ።  እኔን ለማየት ጭንቅላቱን ወደ ግራ ማዞር ግድ ሆኖበታል።

ለመ/ቤት ደውዬ ዛሬ እንደማልመጣ ተናግሬያለሁ። አባዬ ጃኬቱን ለብሶ በሩ ጋ ይጠብቀኛል፣ አብሬሽ ካልሄድኩ ብሏል። እሱን ጾም ያዘው። እኔን ምን ያዘኝ?