ሙሉው ጀሪካን

ሰኔ 2፣ ሰኞ
ሆቴሉ በረኪናችንን ሊወስድ ነው። ሐይቁ ዳር ያለው ትልቁ ሆቴል... በየሳምንቱ አስር ጀሪካን። ለባሌ ለግርማ እንዴት ዋልክ እንኳን ሳልለው ነገርኩት። የባጃጁ ሹፌርም ሳይጠይቀኝ ሰምቷል። አምስት ሴቶች ባህል አዳራሽ ጀርባ በአንዲት ጠባብ ክፍል ጀምረን እዚህ ደረስን።
አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ናሙናው ውስጥ ያለው ክሎሪን ግማሽ ከመቶ መሆን አለበት። የሚለካው ቅልቅል የሚያስተምረን የኬሚስትሪ መምህር ናሆም ነው። ቅልቅሉ የተሳካላት የቅልቅል ኃላፊ ትሆናለች። ከእኔ ሌላ ማን?

ሰኔ 3
ፍሬሕይወት።
ናሆም ኮንሰንትሬሽን ሲያስተምረን፣ "ያልተበረዘው በረኪና አምስት ከመቶ ነው። ሁለት ሊትር ወስደን በውሃ ሃያ ሊትር ብናደርሰው ስንት ከመቶ ይሆናል?" አለ። አፌን ሳልከፍት "ግማሽ" አለችው። "ጎበዝ፣ ወይዘሮ ፍሬሕይወት።" ለእኔ ደግሞ... "ወይዘሮ ከበቡሽ፣ እርስዎ ቀስ ብለው ያስቡበት።" ቀስ ብዬ ተቃጠልኩ።
ስንወጣ፣ "ከቡዬ፣ አስረኛ ክፍልም ኬሚስትሪ የኮረጅሽው ከእኔ ነበር እኮ" አለችኝ። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። እውነቷን ነው። የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ሰኔ 6
የፍሬሕይወት ቅልቅል ወደቀ። ናሆም ለክቶት ዜሮ ነጥብ አራት ሦስት... ከግማሽ በታች።
"ሁለት ሊትር ነው የጨመሩት?"
"በዚህ በእጄ።"
ግራ ገባው። ማክሰኞ አንድ ዕድል አለን፤ ያም ከወደቀ ሆቴሉ ወደ ሌላ ይሄዳል። ማዘን ነበረብኝ። ምሳዬን ጥርግ አድርጌ በላሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሰኔ 8፣ እሁድ
ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤት ያለውን፣ የሥራችንን ዓይነት ጀሪካን በሁለት ሊትር ሃይላንድ እየቆጠርኩ ሞላሁት። ሃያ ሊትር የሚባለው አይደል? አስር ይበቃው ነበር። አስራ አንድ ተኩል ገባ። እስከ አፉ ሃያ ሦስት ሊትር ማለት ነው...
እኛ ደግሞ ለደንበኛ ጎደሎ ጀሪካን አንሰጥም፤ ነውር ነው። ፍሬሕይወትም እስከ አፉ ሞላችው። በረኪናው ያው ሁለት ሊትር፣ ውሃው ግን በዛ። እንግዳ ሲበዛ ወጡ ላይ ውሃ እንደምንጨምረው... ጨዉ የትም አልሄደም፣ ግን ወጡ አልጫ ሆነ። ለካ ኮንሰንትሬሽን ይኼ ነው። ምን ያህል ጨመርሽ ብቻ አይደለም፤ በምን ያህል ውስጥ?
ዝም ብልስ? ነገም እንደዚያው ትሞላዋለች። ይውደቅባታ... ጎበዝ ተብላ የለ?
ግን ጀሪካኑ የአምስታችን ነው።

ሰኔ 9
ተናገርኩ። ፍሬሕይወት ውሃውን እስከ አፉ ልትሞላ ስትል ሃያው ላይ በከሰል ያሰመርኩትን አሳየኋት።
"ተይ፣ እዚህ ጋ ይብቃው።"
"ጎደሎ ሰጡን ሊሉን?"
"ይበሉ። ሙሉው ይሄ ነው።"
መስመሩን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ባልዲዋን አስቀመጠች።

ሰኔ 10
አለፈ። ግማሽ ከመቶ፣ ልክክ ብሎ።
ናሆም "ማን ደረሰበት?" ሲል ፍሬሕይወት ቀደመችኝ። "ከበቡሽ ናት። እኔ ስሌቱን ነው የያዝኩት፣ ጀሪካኑን ያየችው እሷ ናት።" ኃላፊ አደረጉኝ። እንኳን ደስ አለሽ ስትለኝ ፊቷ ላይ ቅናት ፈለግኩ... ዞር ብላም ስትሄድ ፈለግኩ። የለም። እንዴት ቻለችበት? እሱም አስቀናኝ።
ስሌቱን አስጠኚኝ አልኳት። "ኮርጂ እንጂ፣ ምን አዲስ ነገር አለው" አለች። የሳቅነው ሳቅ...
የመጀመሪያው ጭነት ቅዳሜ ይወጣል። ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ የባጃጁ ሹፌር ሳይቀር ይምጣ፤ ፍሬሕይወት ከጎኔ ትቆማለች። ማንም እንዳይቀር፦ ቅዳሜ፣ ሰኔ 14፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት።