ሳር መስሎኝ የነቀልኩት

ፍራንክፈርት፣ ኖርድቬስትሽታት
ግንቦት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ኑኃሚን፣

እንደምን አለሽልኝ? እኔ ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ልጽፍ ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ጊዜ ተቀምጬ ሁለት ጊዜ ተነሣሁ፤ አንዴ መስኮት ልዝጋ፣ አንዴ በር የተንኳኳ መስሎኝ። ማንም አልነበረም።

የፋርማሲ ሥራሽን ትተሽ ሰሜን ጀርመን ሁዙም ሄደሽ የባሕር ዳሩን የዱር ሜዳ ልትጠብቂ ስትነሺ፣ "ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ? በይ ዱር ግቢ!" ያልኩሽ ቃል እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። አንቺም ተቀየምሽ፤ ስልኩም ቆመ። ባለፈው ነሐሴ ግን ያን የዘር ፖስታ ላክሽልኝ፤ ውስጡም ወረቀት ነበረበት። "ማማ፣ ይሄ የዱሩ ግራስኔልከ አበባ ዘር ነው። ጓሯችን ያለው ከዚሁ የወጣ ነው። እዚህ ግን አንዱ ካንዱ አይገጥምም፤ አጭር አለ፣ ረጅም አለ፣ ሮዝ አለ፣ ነጭ አለ" ይላል። ስለ እኔና ስላንቺ አንድም ቃል የለበትም። ቢሆንም ወረቀቱን ሳምኩት።

ሮደልሃይም ባለችው የአትክልት ቦታችን፣ አባትሽ ነፍሱን ይማረውና ከሱቅ ገዝቶ ከተከላቸው ክብ ክብ ሮዝ ግራስኔልኮች አጠገብ ዘራሁት። በቀለልኝ። ሚያዝያ ላይ አረም ስነቅል ጎረቤታችን ጋሽ ሓሚድ፣ ያ ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር፣ ካጥሩ ማዶ ጮኸ።

"ሰብለ! ምን ነካሽ? የልጅሽን አበባ እኮ ነው የምትነቅዪው!"

ቅጠሉ ቁርጥ ሳር ነው፤ እጄ ሙሉ ይዣለሁ። ሁለታችንም ተንበርክከን ካረሙ ክምር ውስጥ ስንለቅም ዋልን። ሥር የቀረለትን መልሰን ተከልን። እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ከበቀሉት ካሥራ ስምንቱ አራቱ ተረፉ።

ባለፈው ሳምንት አንዱ አበበ። ጋሽ ሓሚድ "ነይ እዪ!" ብሎ ጠራኝ። ጎንበስ አልኩ፤ አበባው ሊኖርበት የሚገባው ቦታ ላይ ግራጫ ጭጋግ ብቻ።

"ቀለሙ ምንድን ነው?" አልኩት።

ቀና ብሎ ፊቴን እያየ፣ "አይታይሽም እንዴ?"

"ፀሐዩ ነው።"

"ዛሬ ፀሐይ የለም እኮ፣ ሰብለ።"

ከዚያ ነጭ መሆኑን፣ ጫፉን ብቻ ሮዝ ነካ እንዳደረገው፣ ዘንጉ ረጅም ሆኖ ነፋስ እንደሚያወዛውዘው ነገረኝ። በማግስቱ ቀጠሮ አስይዞ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደኝ። የዓይኔ መሐሉ ነው አሉ የደከመው። በየወሩ መርፌ እወጋለሁ። "የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን እናቆየው" አለችኝ ዶክተሯ። አትደንግጪ። ዳር ዳሩ ይታየኛል፤ የኡባኑን ባቡር ቁጥር ብቻ ሰው እጠይቃለሁ። ፊደሌ ተንጋዶ ካስቸገረሽም ምክንያቱ ይኸው ነው።

ኑኃሚንዬ፣ ያን ቀን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሥራሽን ሳላይ ናቅሁብሽ። ይቅር በዪኝ። አሁን ደግሞ ስለ እኔ ብለሽ እንዳትተዪው፤ እንዳትመጪም። ጋሽ ሓሚድ አለ፣ ዶክተሯም አለች፣ ምንም አልጎደለብኝም።

ኪዳነ ምሕረት ከማዕበሉም ከብርዱም ትሰውርሽ። የምትጠብቂው ሁሉ ይጽደቅልሽ፤ አንቺንም የሚጠብቅ አይጥፋ።

እናትሽ ሰብለወንጌል

ፖስታውን ላሽገው ስል ትዝ አለኝ፦ ዓርብ ከአንቺ በኩል፣ ከሃምቡርግ የሚመጣው ባቡር ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይገባል አሉኝ። ለማወቅ ያህል ነው የጠየቅሁት።