ሥዕሉን ያልሸጠው ሠዓሊ

ውድ እህት ዓለም፦

ትናንት ተውኔትሽ በእኔ ትርጉም እዚህ ባሕር ማዶ ለመድረክ በቃ። አዘጋጁ፣ «ሠዓሊው አንድ ሥዕል እንኳ ሳይሸጥ መጋረጃው ከተዘጋ ተመልካቹ ፊቱን አጥቁሮ ይሄዳል፤ አንድ ገዢ እንጨምርለት» እያለ እስከ መጨረሻው ልምምድ ቢሟገተኝም፣ «ደራሲዋ ያልጻፈችውን ገዢ አላስገባም» ብዬ አደራሽን ጠበቅሁ።

በማብቂያው ላይ ሠዓሊው ያልተሸጡ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ሲያዞር፣ ከፊት ወንበር አንዲት አዛውንት ብድግ አሉ።

«ኧረ ተው አንተ ልጅ! ሰማያዊዋን አታዙራት፤ እኔ እወስዳታለሁ!»

ተዋናዩ ለአፍታ ደነገጠ፤ ከዚያም እጅ ነሥቶ፣ «ምነው እማማ፣ ቀደም ብለው በመጡ!» አለና ሥዕሏን አዞራት።

እኛ ዘንድ መጋረጃው ሳይዘጋ በሩ ይጨናነቃል፤ እዚህ ግን መብራት ከበራም በኋላ ከወንበሩ የተነሣ አልነበረም። ከዚያ ጭብጨባው አዳራሹን አናጋው። አዘጋጁም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ረታሽኝ እኮ! በቃ፣ እንዳለ ይቀጥላል» አለኝ።

የምጽፍበት ፖስት ካርድ ጠበበኝ። እናትሽን ሳሚልኝ። «ያልተሳካለት ሰው ታሪክ ማን ያያል?» ላሉሽ አጎትሽም የአክብሮት ሰላምታዬን አድርሺልኝ። አጠገቤ ለተቀመጡት ሁሉ፣ «ደራሲዋ እህቴ ናት» ብያለሁ፤ የዋሸሁም አልመሰለኝም።