ገላው ዘይት የጠገበ፣ ሆዱ ዘይት የተጠማው ላንድሮቨራችን

ይድረስ ለክቡር አቶ ሀብተ ሥላሴ፣
የጥጥ እርሻችን የተሽከርካሪና የንብረት ክፍል ሹም፤
ባሉበት፣ ማለትም በቢሮዎ ማራገቢያ ሥር።

ግልባጭ፦ በካምፑ ክበብ በር ላይ ቆሞ ለሚያነብ ሠራተኛ ሁሉ፤ እንዲሁም በአዋሽ ጣቢያ ባቡር ዘግይቶበት ሌላ የሚያነበው ላጣ መንገደኛ።

ክቡር ሆይ፤

በካምፓችን መሐል፣ ከትልቁ ግራር ሥር የቆመውን ላንድሮቨር አይቶ፣ «ለመሆኑ ይህ መኪና ሊነዳ ነው የተገዛው ወይስ ሊታይ?» ብሎ ራሱን ያልጠየቀ ሰው ይኖር ይሆን? እኔ ከእርሻ ኮሌጅ ተመርቄ፣ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ እዚህ የደረስኩ ዕለት ጠይቄአለሁ። መልስ የሚሰጠኝ ስላጣሁ፣ ጥያቄውን ለባለቤቱ ማቅረብ ይሻላል በማለት ይህችን ደብዳቤ በታላቅ አክብሮት ጽፌአለሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ ለከበረው ጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። የሚያዝያ ሙቀት እንዳይጠናብዎ፣ ነጭ ሸሚዝዎ ላይ አቧራ እንዳያርፍ፣ ወገብዎም እስከ ዛሬ ጎንበስ ብሎ ከመኪና ሥር ከማየት ተጠብቆ እንደ ኖረ ወደፊትም እንዲጠበቅ እመኛለሁ። እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ። ላንድሮቨሩ አቧራ እንዳይነካው ወደ ማሳ እንዳይወርድ ስለ ከለከሉ፣ የጥጡን ትል ፍለጋ በእግሬ ስዞር እውላለሁ፤ በዚህም ምክንያት እግሬ ጠንክሯል፣ ሆዴም ጠፍቷል። ለዚህ ባለውለታዬ እርስዎ ነዎት።

አሁን ወደ አቤቱታዬ፣ ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፤ ስለ መኪናው ገላ። እኔ ከመምጣቴ በፊት ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ትልቅ እንግዳ መጥተው፣ ነጭ መሐረባቸውን አውጥተው የላንድሮቨሩን ፓራፋንጎ፣ የጎማውን መከለያ፣ ጠረግ አድርገው፣ መሐረቡ ነጭ እንደ ሆነ ሲመለስ «ንብረት ማለት እንዲህ ሲያዝ ነው!» ብለው እጅዎን እንደ ጨበጡ ካምፑ ሁሉ ያወራል። ከዚያ ቀን ወዲህ ያ መሐረብ ከፊትዎ እንዳልጠፋ እንረዳለን። መኪናው ጧት ይታጠባል፤ ማታም ይታጠባል፤ በመካከሉ የነካው ወፍ እንኳ ቢኖር ይታጠባል። ከድሬዳዋ የመጣው መወልወያ ሲያልቅ ደግሞ እርስዎ ተስፋ የሚቆርጡ ሰው አይደሉምና፣ ከመዳመጫችን ከሚወጣው የጥጥ ፍሬ የተጨመቀው ዘይት በጨርቅ እየተነከረ መኪናው ከኮፈኑ እስከ ኋላ በሩ እንዲቀባ አዘዙ። ሲቀባ በእውነት ያምራል። ከግራሩ ጥላ እስኪወጣ ድረስ ያምራል። ከወጣ በኋላ ግን የአዋሽ ሸለቆ አቧራ፣ ከሰመራ ሜዳ ድረስ ተጠርቶ የመጣ እስኪመስል፣ ዘይቱ ላይ ተለጥፎ መኪናውን ወፍራም ጋቢ ያለብሰዋል። ያን ጊዜ ተመልሶ ይታጠባል፤ ታጥቦም ይቀባል። እነሆ ሳሙናውም ዘይቱም የአጣቢውም ክንድ እያለቀ፣ መኪናው ግን ከግራሩ ሥር ብዙም ርቆ አልሄደም።

እኔ በኮሌጅ የተማርኩት ትንሽ ነገር አለችና ድፍረት ካልሆነብኝ ላካፍልዎ። አቧራ የለበሰ መኪና በደረቅ ጨርቅ ከታሸ አሸዋው ቀለሙን ይፍቀዋል፤ መጀመሪያ ውኃ አፍስሶ አቧራውን ማውረድ፣ ቀጥሎ በለስላሳ ጨርቅ ማጠብ ነው። የላንድሮቨር ገላ ደግሞ አሉሚኒየም ስለሆነ ቢተዉትም አይዝግም፤ የሚዝገው ከሥሩ ያለው ብረት ነው፤ ጨዋማው የሸለቆ አፈር የሚጠራቀመውም እዚያው ነው። እርስዎ የማይዝገውን በቀን ሁለት ጊዜ እያጠቡ፣ የሚዝገውን ለፈጣሪ ትተዋል። እምነትዎን አደንቃለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ስንቅነሽ ቀን። ይህን እርስዎም ያውቁታል፤ ግን በጣቢያው ባቡር የሚጠብቀው መንገደኛ አያውቅምና ልተርከው። ወይዘሮ ስንቅነሽ የመዳመጫው ጸሐፊ የአቶ ጥጋቡ ባለቤት ናቸው። ምጥ የያዛቸው ጠራራ ፀሐይ ላይ ነው። በካምፓችን አዋላጅ የለም፤ ሐኪም ያለው አዋሽ ጣቢያ ነው፤ እዚያ የሚያደርስ መኪና ደግሞ ይኸው አንዱ ነው። ሾፌሩ ጣሰው እየሮጠ መጥቶ ቁልፉን ሲጠይቅዎ፣ «ሳይታጠብ ከካምፕ የሚወጣ መኪና የለም» የሚለውን የራስዎን ደንብ ራስዎ እንዳያፈርሱ ተጨንቀው፣ በቶሎ እንዲታጠብና እንዲቀባ አዘዙ። በችኮላው የፊት መስታወቱም አብሮ ተቀባ። ስንቅነሽ በባላቸው ትከሻ ተደግፈው ያን ሁሉ ቆመው ሲያዩ፣ «እናንተ ሰዎች፣ ዛሬ የምታዋልዱት እኔን ነው ወይስ መኪናውን?» ማለታቸው ከምጡ የተነሣ እንጂ ክብርዎን ለመንካት እንዳልሆነ እኔ ምስክር ነኝ።

ጣሰው በተቀባው መስታወት ምንም ስለማይታየው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነዳ። እኔ በሌላው መስኮት አንገቴን አውጥቼ «ግራ! ቀኝ! ግመል!» እያልኩ አግዝ ነበር። ከመንገዱ እኩሌታ ስንደርስ ሞተሩ ውስጥ ብረት ከብረት ጋር ይደባደብ ጀመር፤ ቀጥሎ አንድ ጊዜ ጮኾ ቀጥ አለ። ጣሰው ኮፈኑን ከፍቶ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ሲስበው ዘንጉ የጾመኛ ከንፈር መስሎ ደርቋል። «ጋሼ አምባዬ፣ ይህን መኪና ከውጭ ስንቀባው ከርመን ከውስጥ ገደልነው» አለኝና መሬት ላይ ቁጭ አለ።

እዚያ ስንቆም ፍየሎቹን የሚነዳ ሐመዱ የሚባል የአፋር ሰው ደረሰልን። ከእሱ ቀድመው ግን ፍየሎቹ ደረሱ። የጥጥ ፍሬ ዘይት ሸቷቸው፣ አንዷ ፓራፋንጎውን፣ አንዷ በሩን፣ አንድ ሽማግሌ ሙክት ደግሞ የኋላ መብራቱን ይልሱ ጀመር። ሐመዱ ከት ብሎ ስቆ፣ «ወላሂ፣ የእናንተ መኪና ለመብል ነው እንዴ? የእኔ ግመል ተቀብቶ አያውቅም፤ ግን ወዲያ ሂድ ስለው ይሄዳል!» ብሎ በጣሰው ካሾፈ በኋላ፣ ሳቁን ትቶ ሚስቱንና እናቱን ከጎጆው ጠራ። እነሱም የመኪናውን አንድ ጎን በሸራ ጋርደው፣ እኛን ወንዶቹን ከፍየሎቹ ጋር ወደዚያ አባርረው፣ ስንቅነሽን በሰላም አገላገሉ። ልጁ ወንድ ነው፤ ጤነኛም ነው። በላንድሮቨሩ ጥላ ሥር ስለ ተወለደ እናቱ ጥላሁን ብለውታል። እንግዲህ መኪናው ምንም አልሠራም የሚሉ ሐሜተኞች ካሉ፣ ክቡርነትዎ ኮራ ብለው ጥላ ሰጥቷል ይበሏቸው።

ሦስተኛ፤ ስለ ታደሰው ሞተር። ያ ሞተር በባቡር ድሬዳዋ ተወስዶ፣ ተፈትቶና ታድሶ ተመለሰ። የጠገኑት መካኒኮች ከጣሰው ጋር የላኩት መልእክት አጭር ነበር፤ አዲስ ብረት እርስ በርሱ ሲላመድ ፍቅፋቂ ያወጣልና፣ የመጀመሪያው ዘይት በቶሎ ይፍሰስ፣ የዘይት ማጣሪያው ፊልትሮ ይለወጥ፣ ያለዚያ ሞተሩ እንደ በፊቱ ይሆናል ነው ያሉት። እርስዎ መልእክቱን በጥሞና ሰምተው፣ ሞተሩን በብር ቀለም አስቀቡት። ከዚያም ቀለሙ በጣት እንዳይቆሽሽ ኮፈኑ ላይ ጓጉንቸር አስገጥመው ቁልፉን በኪስዎ ያዙት። አሁን ከላይ ዘይት፣ ከውስጥ የብር ቀለም ሆኗል፤ የመጀመሪያው ዘይት ግን እስካሁን አልፈሰሰም።

ዘይት ጠፍቶ ነው እንዳይባል ደግሞ፣ በቢሮዎ መስኮት ላይ የታሸጉ የሞተር ዘይት ቆርቆሮዎች እንደ ሐውልት ተደርድረው፣ ከታች ሰፋ ከላይ ሾጠጥ ብለው ያብረቀርቃሉ። በየቀኑ ይወለወላሉ። ወደ ሚሌ የሚያልፉ የጭነት መኪና ሾፌሮች ሳይቀሩ መስኮትዎ ሥር ቆመው ያዩአቸዋል። ጣሰው አንዱን ለምኖዎት ነበር፤ «አንዱ ከተነሣ ቅርጹ ይበላሻል» ማለትዎን ነገረኝ። እውነትዎን ነው፤ ከሥሩ ካነሡት ይበላሻል። ከጫፉ ግን ቢያነሡ ሐውልቱ ትንሽ ያጥራል እንጂ አይፈርስም፤ ይህንንም ለማስረዳት ኮሌጅ መግባት አያስፈልግም ነበር፤ እኔ ግን ስለገባሁ ልጠቀምበት ብዬ ነው።

አራተኛ ብዬ ስለ ጎማዎቹ ልጽፍ አስቤ ነበር፤ ጎናቸው ኖራ ተቀብቶ ሙሽራ መስለዋል፤ መንገድ የሚረግጠው ፊታቸው ግን መላጣ ነው። ነገር እንዳላበዛ ተውኩት።

ስለ ጥገና ሰሌዳው ግን ሳልናገር አላልፍም። በመጣሁ ሰሞን፣ ወጣትነት ክፉ ነውና፣ መኪናው መቼ ዘይት እንደሚለወጥለት፣ መቼ የግራሶ ቅባት እንደሚገባለት፣ የባትሪውና የራዲያተሩ ውኃ መቼ እንደሚታይ በትልቅ ወረቀት ላይ በቀይና በሰማያዊ ቀለም ነድፌ ሰጥቼዎት ነበር። እርስዎም ወደዱት። ወደው በመስታወት አስገቡት፤ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት፤ አሁን እሱም ጧትና ማታ ይወለወላል። በሕይወቴ የሠራሁት ሥራ እንዲህ ሲከበር ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ቢሠራበት ደግሞ እንዴት ደስ ባለኝ!

ክቡር ሆይ፤ እስካሁን የቀለድኩ ከመሰለዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አሁን የምለው ቀልድ የለበትም። ጎረቤቴ ሁሪያ፣ የመዳመጫው ዘበኛ ባለቤት፣ ወሯ ገብቷል። የበኩር ልጇ ነው። ጧት ጧት ወደ ማሳ ስወጣ በሯ ላይ ቆማ፣ «ምሁሩ፣ መኪናው ዛሬስ ዘይት ጠጣ?» ትለኛለች። «ገና ነው» እላታለሁ። «ያ ረቢ! እንግዲያው እኔም ይሄን ልጅ፣ ሹሙ ቁልፉን እስኪያገኙት ቆየኝ ልበለው» ብላ ትስቃለች። ትስቃለች እንጂ እጇ ከሆዷ ላይ አይነሣም። ስንቅነሽን ያዋለዱ የሐመዱ ቤተ ዘመዶች ከብቶቻቸውን ይዘው ወደ አዳይቱ በኩል ወርደዋል። እንግዲህ ያ ሞተር ዳግመኛ መንገድ ላይ ቢደርቅ፣ በሸራ የሚጋርድ ሰው አናገኝም። ጥላ ብቻ ነው የሚኖረን።

እኔ ይህን ሸለቆ እወደዋለሁ። ጥጡ ሲፈነዳ ነጩ ሜዳ እስከ ወንዙ ሲዘረጋ ሳይ፣ እዚህ የማይሆን ነገር የለም እላለሁ። ሐኪም ቤት ይመጣል፤ መንገድ ይመጣል፤ ሌላ መኪናም ይመጣል። እስኪመጣ ግን ያለን ይህ አንዱ ነው፤ የሚፈልገውም አንድ ቡሎን መፍታትና አንድ ቆርቆሮ መክፈት ብቻ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። የፊታችን እሑድ ጧት፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ከግራሩ ሥር እንሰበሰባለን። ጣሰው መፍቻውን ይዞ ይመጣል፤ ጥጋቡ የአሮጌውን ዘይት መቀበያ ገንዳ ያመጣል፤ ስንቅነሽ ጥላሁንን አዝለው የተወለደበትን ጥላ ሊያሳዩት ይመጣሉ፤ እኔ ከመኪናው ሥር እተኛለሁ። ይህን የሚያነብ ሠራተኛ ሁሉ እጅጌውን ጠቅልሎ ይምጣ፤ መምጣት የማይችል «ደግፌአለሁ» ብሎ ከዚህ በታች ስሙን ይጻፍ። ከክቡርነትዎ የምንጠብቀው የኮፈኑን ቁልፍና ከሐውልቱ ጫፍ አንድ ቆርቆሮ ነው። ዘንጉን የሚስቡት እርስዎ ይሁኑ፤ መጥረጊያም አይቸገሩ፣ ነጭ መሐረብ አዘጋጅተንልዎታል። መልስዎን እስከ ቅዳሜ በዚሁ በር ላይ ቢለጥፉልን፣ ወረቀቱን ጧትና ማታ እየወለወልን እናከብረዋለን።

በላንድሮቨርዎ አጠገብ በየቀኑ በእግሩ እያለፈ፣ በመስታወቱ መልኩን አይቶ ጸጉሩን የሚያስተካክለው፣ ትሑትና ታዛዥ አገልጋይዎ፣

አምባዬ ወልደ ኢየሱስ
የጥጥ ተባይ ተቆጣጣሪ (እግረኛ)
ሚያዝያ 1961 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፤ ይህን ደብዳቤ ከመለጠፌ በፊት ለሁሪያ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰምታ፣ የሚጨመር አለ ብላ ያዘዘችኝን እንዳለ አስፍሬአለሁ፦ «ለሹሙ ሰላም በልልኝ። እኔ ኢንሻአላህ የምወልደው አዋሽ ጣቢያ፣ አልጋ ላይ ነው። በካምፑ አንድ ጥላሁን ይበቃል። መኪናው መንገድ ላይ ከቆመ ግን፣ የሚወለደው ወንድም ይሁን ሴት፣ ሀብተ ሥላሴ ብዬ ነው ስም የማወጣለት፤ ዕድሜ ልኩን ለምን ይህ ስም እንደ ወጣለት የጠየቀውን ሁሉ ያስረዳል።»